ፒኤቹ 3.8 ላይ ቀጥ ካለ መጀመሪያ የታንከሩን ታች እዩት

እህቴ ከአዳማ የጻፍሽውን አነበብኩት። በ1000 ሊትር ታንከር ከወንጂ ሞላሰስ (የስኳር ፋብሪካ ወፍራም ተረፈ ምርት) ላክቲክ አሲድ፣ ማለትም ባክቴሪያ ስኳር ሲበላ የሚያወጣውን ኮምጣጣ፣ ልታወጪ ጀምረሽ የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ሄደ፣ ከዛ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 3.8 ላይ ቆመ፣ ስኳሩ ግን ግማሹም አላለቀም፣ ሽታው ንጹህ ኮምጣጣ ነው አልኮል አልኮል አይልም፣ ሰው ደግሞ ባክቴሪያው ሞቷል አዲስ እርሾ ጨምሪ አለሽ። አትጨምሪ፣ ብርሽን ነው የምትደፊው።

እኔ የምጠረጥረው አሲዱን እንዲያበርድ የጨመርሽውን የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው፣ ታች ተጋግሮ ቁጭ ብሏል። የማደባለቂያው ዘንግ ተሰብሮ በያጁ አሳጥሮ በየደው ብለሻል፣ በቃ ቢላው አሁን ላይ ላዩን ነው የሚያዞረው። እንዲህ አይነት ጥገና ያናድደኛል፣ ስቴንለስ ላይ ተራ ብረት ለጥፎ አሲድ ውስጥ መንከር ምን የሚሉት ስራ ነው?

ባክቴሪያው ለምን እንደቆመ ልንገርሽ፣ ይሄ ከገባሽ ሌላው ቀላል ነው። ላክቲክ አሲድ ፈሳሹ ውስጥ በሁለት መልክ ነው ያለው፣ ሃይድሮጅኑን የለቀቀና ያልለቀቀ፣ ፒኤች 3.86 ላይ እኩል በእኩል ናቸው። ያልለቀቀው ቻርጅ ስለሌለው የባክቴሪያውን ሽፋን ሰተት ብሎ ያልፋል፣ ውስጥ ሲደርስ ግን የውስጡ አሲድነት ዝቅ ያለ ስለሆነ ሃይድሮጅኑን እዛው ይጥለዋል፣ ባክቴሪያው እሱን እየገፋ ሲያስወጣ ጉልበቱን ይጨርሳል፣ ወዲያው ሌላ ይገባል፣ ጀልባ ተበስቶ ውሃ እየቀዱ መድፋት በይው። ፒኤቹን 5.5 ላይ ብትይዥው ግን ያልለቀቀው ከመቶ 2 ገደማ ብቻ ነው፣ ያኔ ይተነፍስና ስኳሩን ይበላል።

አሁን ከታችኛው ቧንቧ ዝቃጩን በብርጭቆ ቅጂና ሎሚ ጨምቂበት። ቱፍ ብሎ አረፋ ካወጣ ድንጋዩ ሳይሰራ ተቀምጧል ማለት ነው። ፒኤች ሜትሯንም በ4 እና በ7 ማስተካከያ ፈሳሽ ፈትሻት፣ እነዚህ እስክሪብቶ የሚመስሉ ርካሾች ቶሎ ነው መዋሸት የሚጀምሩት።

ዘንጉን በሙሉ ቁመቱ 316 በሚባለው አሲድ በሚችል ስቴንለስ አሰሪው፣ ቢላው ከታች ሲለካ ከታንከሩ ወርድ ሩብ እስከ ሲሶ ከፍታ ላይ ይሁን። ዱቄቱ ደቃቅ ይሁን፣ ለ1 ኪሎ አሲድ 560 ግራም ገደማ ይበቃል።

አደራ እዚህ ጋ! የተጋገረው ድንጋይ ድንገት ከአሲዱ ጋር ሲደባለቅ 1 ኪሎው ብቻ ከ200 ሊትር በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ አረፋው ገንፍሎ ይወጣል። ክዳኑን ክፈቺ፣ የቤቱንም በርና መስኮት ክፈቺ፣ ማደባለቂያውን ትንሽ አስነስተሽ አጥፊ፣ እንደገና አስነሺ። ጭንቅላትሽን ወደ ውስጥ እንዳታስገቢ፣ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ታንከሩ ባዶ ቢሆንም ታች ተኝቶ ይቆያል፣ ቀለምም ሽታም የለውም።

ሲያልቅ ሳይቀዘቅዝ በትኩሱ አውጪው፣ አሲዱና የኖራ ድንጋዩ ተዋህደው የሚሰጡት ካልሲየም ላክቴት ከቀዘቀዘ ይረጋል፣ የአዳማ ሌሊት ነፋስ ደግሞ ያልተሸፈነ ቧንቧ አይምርም። ከደፈነብሽ ከውጭ ሆነሽ ሙቅ ውሃ ልቀቂበት እንጂ ለመፋቅ ብለሽ ሰራተኛ ታንከር ውስጥ እንዳታስገቢ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።