ምክር ለዲያስፖራው፦ ለሰርግ ዲጂታል ካሜራ ስትገዙ ነጋቲቩን የት ልታኖሩት ነው?

በዋሽንግተን፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የወገኖቻችንን ሰርግ ማንሳት ከጀመርሁ 30 ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶታል። ሙያውን የተማርሁት አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ በአንድ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ቀይ አምፖል ሥር ቆሜ ፎቶ በማጠብ ነው። በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ከሀገር ቤት የመጣ ባለሙያ ስልኬን ከሰው ተቀብሎ ይደውልልኛል። ብዙውን ጊዜ በፊልም ካሜራ፣ በኒኮን ኤፍኤም 2 ወይም በመሰሎቹ፣ ለዓመታት ሰርግ ያነሳ፣ ነጋቲቭ (ፎቶ የሚታተምበትን የታጠበ ፊልም) ወደ መስኮት አቅንቶ ብርሃኑን የሚያነብ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። እዚህ ግን ቀን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት ይቆርጣል፣ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፣ ቅዳሜ ደግሞ ወደ ሙያው መመለስ ይመኛል። ጥያቄውም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» እኔ አፌን ሳልከፍት ካሜራው በክሬዲት ካርድ ተገዝቶ፣ ከነካርቶኑ አልጋው ሥር ተቀምጦ ይገኛል። ለምን ያንን እንደመረጠ ስጠይቀው ጓደኛው ስለገዛው ነው ይለኛል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ በስልክ ስደጋግመው የኖርሁትን እዚህ በጽሑፍ አስቀምጠዋለሁ። ቃሌ ቢከብዳችሁ ታገሡኝ፤ የምቆጣው በእናንተ ብቻ አይደለም።

1. ወረቀት

የንግድ ፈቃድ አውጡ፣ ገቢያችሁን ለግብር አስታውቁ፣ አዳራሾች የሚጠይቁትን የኃላፊነት ኢንሹራንስ ግዙ፤ ስለ ወረቀት ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

2. ከሀገር ቤት ያመጣችኋቸው ሌንሶች

የድሮ ሌንሳችሁን አትጣሉ፣ ነገር ግን እንደ ድሮው ያገለግለኛል ብላችሁም አትመኑ። ርካሾቹ ዲጂታል ካሜራዎች ብርሃን የሚቀበሉበት ሴንሰር ከፊልሙ ቅጠል ያነሰ ስለሆነ፣ በኒኮን 1.5 እጥፍ፣ በካኖን 1.6 እጥፍ ያህል ምስሉን ያጠብባሉ። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሽማግሌዎችን፣ ሙሽሮችንና ሚዜዎችን በአንድ ላይ ያስገባላችሁ የነበረው 35 ሚሊሜትር ሌንስ በእንዲህ ያለው ካሜራ 50 ሚሊሜትር ያህል ይሆንና ጀርባችሁ ግድግዳ እስኪነካ ብታፈገፍጉ እንኳ የዳር ሰው ይቆረጣል። የሐበሻ ሰርግ ግማሹ የሚያልፈው በጠባብ አፓርታማ ውስጥ፣ «አናስገባም ሰርገኛ» በሚባልበት በር ላይ ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚህ ምክንያት ፉል ፍሬም የሚባለውን፣ ሴንሰሩ ከ35 ሚሊሜትር ፊልም ጋር እኩል የሆነውን ምረጡ፤ አዲስ መግዛት ካልቻላችሁ ያገለገለ ግዙ።

ኤፍ የሚባለው የኒኮን ሌንስ ማያያዣ ከ1959 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የምቆጥረው እንደ ፈረንጆች ነው) ስሙን ይዞ ስለቆየ ብዙዎቹ የድሮ ሌንሶች በኋለኞቹ ባለ መስታወት ዲጂታል ካሜራዎች ላይ ይገጥማሉ፣ ሚረርለስ በሚባሉት መስታወት አልባ የዜድ ካሜራዎች ላይ ግን በአዳፕተር ነው፤ ሆኖም እንደ ዲ70 ያሉት ርካሾቹ ቦዲዎች (ያለ ሌንሱ የካሜራው አካል) በእጅ የሚስተካከል የድሮ ሌንስ ሲገጠምላቸው ብርሃን መለካት ያቆማሉ። ካኖን ግን በ1987 ማያያዣውን ፈጽሞ ስለለወጠ ከዚያ በፊት የነበረው የኤፍዲ ሌንስ ያላችሁ ሰዎች በሚረርለስ ካሜራ ላይ በአዳፕተር ካልሆነ በስተቀር አትጠቀሙበትም። ገንዘባችሁን ስትደለድሉ ከቦዲው ይልቅ ለሌንሱ አድሉ፤ ቦዲ በጥቂት ዓመታት ያረጃል፣ ጥሩ 85 ሚሊሜትር ሌንስ ግን ሦስት ቦዲ ይቀብራል።

ያገለገለ ስትገዙ መዝጊያው (በእያንዳንዱ ፎቶ ተከፍቶ የሚዘጋው ሸተር) ስንት ጊዜ እንደተመታ ጠይቁ። እንደ ካኖን 5ዲ ማርክ 3ና ኒኮን ዲ750 ያሉት ካሜራዎች ለ150,000 ምት የተፈተኑ ናቸው፤ በፊልም ዘመን 20 ጥቅል ይዤ ገብቼ 720 ፎቶ አንስቼ የምወጣው እኔ ዛሬ በአንድ ሰርግ 3,000 ምት ስለምመታ ይህ ለ50 ሰርግ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛ ቦዲም ሳትይዙ ሰርግ አትግቡ።

3. ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት

ከፊልም ወደ ዲጂታል የመጣ ሰው ሁሉ የሚሰናከልበት እዚህ ነው። ባለ ቀለም ነጋቲቭ ብርሃን ቢበዛበት ይችላል፤ ኮዳክ ፖርትራ 400 የሚባለውን ፊልም (ቁጥሩ ለብርሃን ያለው ንቃት፣ አይኤስኦ፣ ነው) ብርሃን እንዲበዛለት ሆን ብለን እንደ 200 ቆጥረን እናነሳው ነበር፣ ፊቱም ለስልሶ ይወጣ ነበር። ዲጂታል ግን ተቃራኒው ነው። የሀገር ልብሱ ነጭ አንዴ ከተቃጠለ የሸማው ፈትል፣ የጥበቡ ዳር፣ ሁሉም ባዶ ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ በኋላ በኮምፒዩተር ብታጨልሙት የሚመለስ ነገር የለም። በሌላ በኩል ደግሞ ካሜራው ራሱ እንዲለካ ከተዋችሁት ነጩን ልብስ አይቶ ስለሚደነግጥ ብርሃኑን ይቀንስና የሙሽራይቱ ፊት ይጠቁራል። መፍትሔው ካሜራው የተቃጠለውን ቦታ ብልጭ ብልጭ እያደረገ የሚያሳይበትን ማስጠንቀቂያ መክፈት፣ ብርሃኑን ለነጩ ልብስ አስተካክሎ ማንሳትና በጄፔግ (ካሜራው ጨምቆ በሚያስቀምጠው ፋይል) ሳይሆን በሮው (ካሜራው ያየውን ሁሉ በሚይዘው ጥሬ ፋይል) መቅዳት ነው፤ ያኔ ፊቱን በኋላ ከጨለማው ታወጡታላችሁ።

ለዲጂታል የሚገባውን ምስጋና ግን አልነፍገውም። በፊልም ዘመን አጣቢዎቹ ቀለም የሚያስተካክሉት የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ባለበት የኮዳክ መለኪያ ካርድ ነበር፤ የእኛ ጠይምና ጥቁር ፊት በዚያ ሚዛን ሲመዘን አመድ መስሎ ወይም ወደ ቀይ አዘንብሎ ይወጣ ነበር። ስንቱን አልበም መልሼ እንዳሳጠብሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ የወገናችሁን መልክ የምታስተካክሉት እናንተ ራሳችሁ ናችሁና አመካኝታችሁ የምታመልጡበት ሰው የለም።

ተክሊል ስታነሱ ቅዳሴ ላይ መሆናችሁን አትርሱ። ካባ የደረቡትንና አክሊል የደፉትን ሙሽሮች በጧፍ ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ካህናቱ ከፈቀዱላችሁ ቦታ ሳትነቃነቁ ማንሳት ይኖርባችኋል። ፊልሙን ከተሠራበት ቁጥር በላይ ገፍተን በ1600 አይኤስኦ ስናነሳ አሸዋ የተበተነበት ይመስል ነበር፤ አሁን ያሉት ፉል ፍሬም ካሜራዎች በ6400 አይኤስኦ ያለ ኀፍረት ይታያሉ። ሚረርለስ ካሜራ ድምፁን አጥፍቶ ማንሳቱ ለቤተ ክርስቲያን በረከት ነው፤ ማታ አዳራሽ ውስጥ ግን በኤልኢዲ መብራት ሥር ይኸው ድምፅ አልባ መዝጊያ ፎቶውን በሽንትር ስለሚያዥጎረጉረው ወደ ሜካኒካል መዝጊያ መልሱት።

4. ሁለት የካርድ ጉድጓድ

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ካሜራ ስትመርጡ ሜጋፒክስል ከመቁጠራችሁ በፊት ፎቶው የሚቀመጥበትን የሜሞሪ ካርድ በር ከፍታችሁ ጉድጓዱን ቁጠሩ። ካኖን 5ዲና 5ዲ ማርክ 2፣ ኒኮን ዲ700፣ ካኖን ኢኦኤስ አር፣ የመጀመሪያው ኒኮን ዜድ6 አንድ ካርድ ብቻ የሚይዙ ናቸው፤ ለጉዞና ለልደት መልካም ናቸው፣ ለሰርግ ግን እኔ አልመክራቸውም። ካኖን 5ዲ ማርክ 3፣ ኒኮን ዲ750፣ ሶኒ ኤ7 3፣ ካኖን አር6፣ ኒኮን ዜድ6 2 ሁለት ይይዛሉ። ሁለት ጉድጓድ ያለውን ገዝታችሁ ሁለተኛውን ካርድ አንደኛው ሲሞላ እንዲቀጥል አድርጋችሁ ብታዘጋጁት ግን ምንም አላተረፋችሁም፤ እያንዳንዱ ፎቶ በሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ እንዲጻፍ አድርጉት። አንድ ባለ 24 ሜጋፒክስል የሮው ፎቶ 30 ሜጋባይት ያህል ቢይዝ 3,000 ፎቶ 90 ጊጋባይት ነው፤ ባለ 128 ጊጋባይት ሁለት ካርድ ይበቃችኋል።

ፊልምም ይከዳ ነበር። ፊልሙ በካሜራው ጥርስ ሳይያዝ ቀርቶ 36 ምት ሙሉ ባዶ ያነሳሁበት ቀን አለ። ነገር ግን የጠፋው 36 ነበር፤ ሌሎቹ 19 ጥቅሎች በኪሴ ነበሩ። ዛሬ ከጥፍራችሁ ብዙም በማይበልጥ አንድ ካርድ ላይ ሙሽራውም፣ ሽማግሌውም፣ መልሱም፣ ቅልቅሉም ተጭኗል።

5. ነጋቲቩ የት ነው?

ይህን ለመጻፍ የተቀመጥሁበት ምክንያት ከዚህ ይጀምራል። በፊልም ዘመን ለሙሽሮቹ አልበም ስሰጥ ነጋቲቩ በፖስታ ውስጥ፣ ስማቸውና ቀኑ ተጽፎበት እኔ ዘንድ ይቀር ነበር። ማንም ስለማስቀመጥ አያስብም ነበር፤ አለመጣል በቂ ነበር። ዲጂታል ሲመጣ የለወጥነው ካሜራውን ብቻ መሰለን። አንድ ፋይል ለ20 ዓመት እንዲኖር በየጥቂት ዓመቱ የሚገለብጠው ሰው እንደሚፈልግ የነገረን አልነበረም። ቢነግሩንስ እንሰማ ነበር ወይ? እኔ አልሰማም ነበር።

በ2008 የአንዲት እኅታችንን ሰርግ አነሳሁ። እናቷ ከደብረ ማርቆስ በጎብኚ ቪዛ ለጥቂት ወራት መጥተው ነበር፤ ቪዛው ሁለት ጊዜ ተከልክሎ በሦስተኛው ነው የተገኘው። በመልሱ ቀን ሙሽራይቱ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ስትስም፣ እሳቸውም በአንድ እጃቸው ራሷን ይዘው በሌላው እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ አነሳኋቸው። በሕይወቴ ካነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ የተሻለው ነበር ብል አላጋነንሁም። በዚያን ጊዜ ፎቶ አንሺው በዝቶ ዋጋ ለመስበር እንሽቀዳደም ስለነበር፣ «አልበሙን ተዉት፣ ጊዜው የዲቪዲ ነው፣ ዋጋም እቀንስላችኋለሁ» ብዬ ያግባባኋቸው እኔው ነኝ። ፎቶዎቹን በሚያምር ሽፋን ዲቪዲ ላይ አድርጌ አስረከብሁ፣ አንድ ቅጂ በአንድ ሀርድ ዲስክ ላይ አስቀመጥሁ፣ ካርዱንም ለሚቀጥለው ቅዳሜ አጠፋሁት።

በ2015 አንድ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። እናት በሀገር ቤት አርፈዋል፤ ልጆቹ እዚህ ለቅሶ ተቀምጠዋል፤ ያቺን ጉልበት የተሳመበትን ፎቶ አሳጥበው ለማቆም ይፈልጋሉ። ዲቪዲው ምድር ቤት ውስጥ ተቧጭሮ አልነበብ ብሏቸዋል። እኔም ዲስኩን ከመሳቢያ አውጥቼ ስሰካው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ከማለት በቀር ምንም አላሳየኝም። የጠፋ ፋይል ወደሚያወጡ ሰዎች ወሰድሁት፤ ውስጡ ተፍቋል፣ የሚወጣ የለም አሉኝ። በለቅሶው ቤት ከጧፉ አጠገብ የቆመው ለቪዛ የተነሱት፣ ሁለት በሁለት ኢንች የሆነው ጉርድ ፎቶ ነበር፤ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ ነጠላቸውን እንዲያወልቁ የተደረጉበት፣ ሲያሳድጉት የደበዘዘ። ልጃቸው «ምን ታደርገዋለህ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያመጣው ነው» አለችኝ። እግዚአብሔር አላመጣውም፤ እኔ ነኝ ያመጣሁት።

በዚያው ሰሞን በ1997 የተጋቡ ባልና ሚስት ልጃቸው ስለተመረቀች የሰርጋቸውን ፎቶ በትልቁ ፈለጉ። ነጋቲቩን ከጫማ ካርቶን ውስጥ ለማውጣት ከ10 ደቂቃ አልበለጠብኝም።

አሁን የማደርገውንና እንድታደርጉት የምለምናችሁን ልንገራችሁ። ከሰርጉ በተመለሳችሁበት ሌሊት፣ ጫማችሁን ሳታወልቁ፣ ሁለቱን ካርዶች በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ገልብጡ፤ አንዱ ዲስክ ከቤታችሁ ውጭ፣ በወንድም ወይም በጓደኛ ቤት ይደር። ሥራውን እስክታስረክቡ ካርዱን አታጥፉ። ዲስኮቹን በየዓመቱ ሰክታችሁ እዩአቸው፣ በየአራት አምስት ዓመቱም ወደ አዲስ አዛውሯቸው። ኢንተርኔት ላይ አስቀምጫለሁ የሚለኝ ሰው አለ፤ ይጠቅማል፣ ሦስተኛ ቅጂ ይሁን፤ ነገር ግን የወር ክፍያው የሚቆረጥበት ክሬዲት ካርድ ጊዜው ሲያልፍና ማስታወቂያው ወደማትከፍቱት ኢሜይል ሲላክ ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል።

ፎቶውንም በወረቀት አትሙ። ያለ አልበም የሚሸጥ የሰርግ ዋጋ አይኑራችሁ። ሙሽሮቹ «ስልካችን ላይ ይበቃናል» ይሏችኋል፤ ወጣቶች ስለሆኑ እናቶቻቸው የሚሞቱ አይመስላቸውም። እናንተ ግን ከመካከላችን ስንቱ ሰው በዚህ ሀገር እናቱን ያየው ለዚያች አንዲት ሰርግ በመጡ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሌላው ቢቀር 30 ፎቶ ዋጋውን በሒሳባችሁ ውስጥ ደብቃችሁ አሳትሙና አብራችሁ አስረክቡ፤ ከ30ዎቹም ውስጥ የጉልበት መሳሙ፣ የምርቃቱና የአያቶቹ ፎቶ መኖሩን አረጋግጡ። ስለ ትርፉ የሚከራከረኝ ወንድም ካለ ያንን የቪዛ ጉርድ ፎቶ አስቦ ይከራከረኝ።

ስድስተኛው ክፍል ስለ ፍላሽ ሊሆን አስቤ ነበር፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ይልቅ ከ2004 በፊት በዚህ አካባቢ እኔ ያነሳኋችሁ ባለትዳሮች ይህን ካነበባችሁ ነጋቲቫችሁ ቤቴ ውስጥ በ11 የጫማ ካርቶን በየስማችሁ ተቀምጦ ይገኛል። ልጆቼ ምን እንደሆነ አያውቁትም፤ እኔም 68 ዓመቴ ነው። ደውሉና ኑ ውሰዱት፤ ክፍያ የለውም።