ያቀጥናል ወይ? እና ሌሎች የቀስታ ዮጋ ጥያቄዎች

የቀስታ ዮጋ ሲባል አንድን አቋም ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ይዞ፣ ትንፋሽን እየተከታተሉ መቆየት ማለት ነው። የሰሞኑን ጥያቄዎች አሳጥረን አቅርበናል።

*ከደሴ ፒያሳ፦ ልዩ ምንጣፍ ሳልገዛ መጀመር እችላለሁ?*

ትችያለሽ። ብርድ ልብስ አጥፈሽ መሬት ላይ አንጥፊ። የማያንሸራትተው የጎማ ምንጣፍ ይበልጥ የሚያስፈልገው ቆመው ቶሎ ቶሎ ለሚንቀሳቀሱ ነው። ፍራሽ ላይ ግን አትሥሪ፤ ወገብ ይሰምጣል።

*ከኮምቦልቻ፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ፦ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ አጎንብሳ ትውላለች። ማታ ማታ ስልኳ ላይ ቪዲዮ እያየች የእግር ጣቶቿን ለመንካት ትታጠፋለች። በሳምንቱ ወገቧ ባሰባት። «ዮጋ ለወገብ ጥሩ ነው ይባል የለም ወይ?» ትላለች፣ ቆጣ ብላ።*

ጥሩ ነው፤ የመረጥሽው አቋም ነው ያልሆነሽ። ሲታጠፍ የዋለን ወገብ ማታም እንደገና ማጠፍ ድካሙን መደረብ ነው። በዚያ ላይ የጭንሽ የኋላ ጡንቻ ከጠነከረ፣ እግርሽን ዘርግተሽ ስትታጠፊ ዳሌሽ አብሮ አይዞርም። ጫናው ሁሉ የታችኛው ወገብሽ ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው ጥፋት ችኮላው ነው። ጡንቻ ውስጥ መለጠጥን የሚያውቁ የነርቭ ጫፎች አሉ። ጡንቻው ድንገት ሲጎተት ራሱን ለመከላከል መልሶ ይኮማተራል። ጣትን ለመንካት እየተወዛወዙ መውረድ ከዚህ መከላከያ ጋር ግብግብ መግጠም ነው። ሳይገፉ፣ ትንፋሽን እያረዘሙ ከቆዩ ግን ይላላል። ሰዎች «ዝም ብሎ መቀመጥ ነው» እያሉ የሚያሳጥሯቸው ደቂቃዎች ዋናው ሥራ ናቸው።

ስለዚህ ወደፊት መታጠፉን ለጥቂት ሳምንታት ተይው። ከሥራ ስትገቢ በጀርባሽ ተኚና ባቶችሽን ወንበር ላይ አሳርፊ፤ ጉልበትሽም ዳሌሽም ቀጥ ባለ ማዕዘን ይታጠፉ፤ 5 ደቂቃ ቆዪ። ቀጥሎ በሆድሽ ተኝተሽ ክርኖችሽን ከትከሻሽ ሥር አድርጊና ደረትሽን ቀና አድርጊ። ቂጥሽን አታጥብቂ። በ1 ደቂቃ ጀምረሽ ቀስ በቀስ ወደ 3 አድርሺው። ወገብሽን ቆንጠጥ ካደረገሽ ክርኖችሽን ወደፊት አርቂ፤ ከፍታው ይቀንሳል። መጨረሻ ላይ አንድ ጉልበትሽን የታጠፈ ጋቢ ላይ አንበርክከሽ ሌላውን እግር ከፊት ትከይ፤ መቀመጥ የሚያሳጥረው የዳሌ የፊት ጡንቻ በዚህ ይፈታል። እዚህ ብዙ ሰው ወገቡን ወደኋላ ለጥጦ የተሳካለት ይመስለዋል። መጀመሪያ ቂጥሽን ወደ ታች ሰብስቢ፣ ከዚያ ትንሽ ብቻ ወደፊት ሂጂ፤ በየእግሩ 2 ደቂቃ።

መጠኑን በትንፋሽሽ ለኪው። ትንፋሽሽ ከተቆራረጠ ወይም ጥርስሽን ከነከስሽ አልፈሻል፤ ትንሽ ተመለሺ። ጡንቻው መሀል ላይ ደብዘዝ ያለ መወጠር ደኅና ነው። የሚወጋ፣ የሚያቃጥል ወይም ወደ እግር የሚነዝር ከሆነ አቋሙን ተይው።

ሕመሙ ከጉልበትሽ በታች ከወረደ ወይም እግርሽ ከደነዘዘ ሐኪም ይይሽ። እግርሽ እየዛለ ከሄደ፣ ሽንትሽን መቆጣጠር ካቃተሽ ወይም መቀመጫሽና ብልትሽ አካባቢ ከደነዘዘ ግን ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ሌሊት ቢሆንም አይታደርም።

*ያቀጥናል ወይ?*

አያቀጥንም። ቀጣይ።

*ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የተዛወረ አስተማሪ፦ ትንፋሹን ይዞ እስከ 7 ሲቆጥር ያዞረዋል።*

መያዙን ተወው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ሰውነትህ እስኪለምድ በአፍንጫህ 3 እየቆጠርክ አስገባ፣ 4 እየቆጠርክ አስወጣ። ሲመችህ 4 እና 6 አድርገው፤ በሰከንድ ከቆጠርክ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል። ስናስወጣ የልብ ምት ዝግ ስለሚል የሚያረጋጋው ማስወጣቱ ነው። ደረትህን እስኪጠበብህ አትሙላ፤ ብዙ አየር ቶሎ ቶሎ ስታወጣ የደምህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ይኸው ራሱ ያዞራል። ልምምዱን አቁመህም የሚያዞርህ ከሆነ ሐኪም ይይህ።

*ከቦሩ ሜዳ፣ የ63 ዓመት እናት፦ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። የእህታቸው ልጅ «እግርሽን ግድግዳ ላይ ከሰቀልሽ ኪኒኑን ማቆም ትችያለሽ» ብላቸዋለች።*

እማማ፣ ኪኒንዎን እንዳያቆሙ! ረጋ ያለ አተነፋፈስ ግፊትን በመጠኑ ሊያግዝ ይችላል፤ መድኃኒትን ግን አይተካም። መጠኑን የሚቀንስልዎ ለክተው የሚከታተሉዎ ሐኪም ብቻ ናቸው፤ የእህትዎ ልጅ አይደለችም፣ እኔም አይደለሁም። ግፊቱ እስኪስተካከል ግድግዳው ይቅርና በጀርባዎ ተኝተው ከጉልበትዎ ሥር ትራስ ያድርጉ። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ ካለብዎ ጭንቅላት ከልብ በታች የሚወርድበትን አቋም ሁሉ ይተዉ። ሲነሱ በጎንዎ ዞር ብለው፣ አንድ ደቂቃ ተቀምጠው ይሁን፤ የግፊት መድኃኒት ድንገት ሲነሱ ሊያዞር ይችላል። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ይህንኑ ለሐኪምዎ ይንገሩ። አደራ።

*ከሰኞ ገበያ አካባቢ፦ እናቷ ባዕድ አምልኮ ነው ብለው ከልክለዋታል።*

የዮጋ ሥሩ ሕንድ ነው፤ ከሂንዱ እምነት ጋር የተሳሰረ ታሪክ አለው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ወገብ ማፍታታትና ትንፋሽ መቁጠር ያለ ዝማሬና ያለ ጸሎት ይሠራል። ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለው ግን የንስሐ አባትሽ ወይም የሼኻችሁ ጉዳይ ነው። እናትሽን አስቀይመሽ እንድትሠሪ አልመክርም።

*ከምሳ በኋላ ስንት ሰዓት ልቆይ?*

ከ2 እስከ 3 ሰዓት። ክትፎ ከነበረ 3።

*ከደሴ፣ ሆጤ፦ መጨረሻ ላይ በጀርባው ተኝቶ ሲያርፍ ወይ ይበርደዋል ወይ እንቅልፍ ይወስደዋል።*

እንቅልፉ ካሸነፈህ ደክመሃል፤ ተኛ። ብርዱ ግን ዕረፍቱን ያበላሻል፤ ሰውነት ካልተንቀሳቀሰ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ሲበርደው ደግሞ ትከሻ ይሰበሰባል። ከመተኛትህ በፊት ካልሲ አድርግ፣ ጋቢህን እስከ አንገትህ ልበስ፣ ከሥርህም ብርድ ልብስ ይኑር፤ ሲሚንቶ ወለል ከሥር ሙቀት ይወስዳል። የስልክህን ደወል 10 ደቂቃ ላይ ሙላና እጅህ ከማይደርስበት አስቀምጠው።