ነጠላ ላይ የተደፋው አልጫ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ነው የምኖረው። የ9 ዓመት ልጄ ሳይንስ ሳይንስ እያለች አላስቀምጥ ብላኛለች። ዩቲዩብ ላይ ያየችውን የሙከራ ዕቃ ሳጥን ግዢልኝ ትላለች፣ ዋጋውን ጠይቄ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ቤታችን አንድ ክፍል ናት። በማጀት ዕቃ የሚሠራ፣ ቤት የማያተራምስ ነገር ካለ እስኪ ይንገሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሳጥኑ ይቅር። እርድ አለሽ አይደል? በቃ።

አልጫ ነጠላሽ ላይ ተደፍቶብሽ ያውቃል? ቢጫው እድፍ ሳሙና ሲነካው ድንገት ይቀላል፣ አጣቢዋም «ጭራሽ ባሰበት!» ብላ ትደነግጣለች። ሙከራው ያ ነው። እርድን ቢጫ ያደረገው ኩርኩሚን የሚባል ንጥረ ነገር እንደ ሳሙና ያለ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ሲያገኝ ወደ ቀይ ቡናማ ይቀየራል፣ ሎሚ ጠብ ሲልበት ደግሞ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል።

አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በሦስት ማንኪያ አልኮል በጥብጪ። በውሃም ይሠራል፣ ግን እርድ ውሃ ውስጥ በደንብ ስለማይሟሟ ቀለሙ ይሳሳል። አልኮል እሳት ይወዳል፣ ስለዚህ ምድጃው ይጥፋ፣ መስኮቱም ይከፈት፣ ይሄን ክፍል አንቺው ሥሪው። ከሥር ጋዜጣ አንጥፊ፣ አሮጌ ልብስ አልብሻት፣ ምክንያቱም እርድ ግድግዳም አይምርም። ነጭ ወረቀት በብጥብጡ ቀብታችሁ አድርቁ። ከዚያ ልጅቷ የሳሙና ውሃ፣ የቤኪንግ ሶዳ ውሃ፣ የአመድ ውሃ፣ ሎሚና አቼቶ በየተራ ጠብ ታድርግበት።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ከመጨመሯ በፊት «ምን የሚሆን ይመስልሻል?» በያት፣ ግምቷንም ደብተሯ ላይ ትጻፈው። ከተሳሳተች አታርሚያት፣ ወረቀቱ ራሱ ይነግራታል። እኔ ከቀለሙ ይልቅ እዚህ ጋ ነው ልቤ የሚሞቀው። ሎሚና አቼቶ ቢጫውን ወረቀት ምንም አያደርጉትም፣ ትበሳጭ ይሆናል። ያኔ ከርከዴ አፍልተሽ አቀዝቅዢላት፤ ሎሚ ሲገባበት ደማቅ ቀይ ይሆናል፣ ሶዳ ሲገባበት ደግሞ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል።

ሲያልቅ ሚስጥራዊ ደብዳቤ ጻፉ። በስቴኪኒ የሶዳ ውሃ እያጠቀሰች ነጭ ወረቀት ላይ ትጻፍና ይድረቅ። የእርዱን ብጥብጥ ስትቀቢበት ጽሑፉ ቀልቶ ብቅ ይላል።

ልብስ ማጠብ ምን ሳይንስ አለው የሚልሽ ካለ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማን አንሺለት። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው፣ እንዶድ ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት።

በረኪና ግን ከዚህ ጨዋታ ይውጣ! ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፣ በጠባብ ክፍል ደግሞ ቀልድ አይደለም። ቆልፊበት።

ጥያቄ፦ የልጄ መጽሐፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። በማብሰያ ቴርሞሜትር ብንለካው 92 አካባቢ ላይ እየተንፈቀፈቀ ቀረ። ዕቃው ተበላሽቶ ነው? (አባት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ደህና ነው ወንድሜ። 100 የሚባለው በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያንሳል፣ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ግን እዚያው 92 እና 93 ላይ ይቆማል። የባቄላ ንፍሮ የሚያንገላታን፣ ፕሬዠርም የምንወደው ለዚህ ነው። ልጁ ቁጥሩን እንዳይሰርዘው ንገረው፣ ትክክል ለክቷል። የትኩሳት መለኪያውን ግን እንዳይሞክርበት፣ ይሰበራል።