ፐንክ ባንድ ለመግባት ሥራዬን ልልቀቅ ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ የፐንክ (ፈጣንና ጩኸታም የሮክ ዓይነት) ባንድ ድራመር ሁኚልን ብሎሻል፤ የሁለት ወር የኮንሰርት ጉዞ ስላለም ሥራሽን ልቀቂ ተብለሻል። አንቺ ግን አጥብቀሽ የጠየቅሽው ፍጥነትሽን እንዴት እንደምትጨምሪና ድርብ ፔዳል (ትልቁን ከበሮ በሁለት እግር የሚያስመታ መርገጫ) መግዛት ይኖርብሽ እንደሆነ ነው። እኔም በ22 ዓመቴ እንቅልፍ የነሳኝ ፍጥነት ነበር። 14 ዓመት ከበሮ መትቼ ስኖር ዋጋ ያስከፈለኝ ነገር ግን ሌላ ነው። በቅደም ተከተል ልጻፍልሽ።

1. ፍጥነት። የፐንክ ድራም ቀላል ነው የሚሉሽን አትስሚ። ቡዳፔስት የተወለደው የአሜሪካው ፐንክ ባንድ የራሞንስ ድራመር ቶሚ መጀመሪያ የመጣው ባንዱን ሊያስተዳድር ነበር። ለሙከራ የቀረቡት ድራመሮች የሚፈለገውን አመታት ማምጣት ስላልቻሉ እ.ኤ.አ. በ1974 ራሱ ከበሮው ላይ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው 14 ዘፈኖችን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሳል። ቀኝ እጅ ሃይሃቱ (በእግር የሚከፈቱና የሚዘጉ ጥንድ ሳህኖች) ላይ ያለ ዕረፍት ይሮጣል፤ ጉልበት የሚጨርሰው እሱ ነው። እኔ ዱላውን አንቄ እይዝ ስለነበር በመጀመሪያው ጉዞ በአራተኛው ምሽት በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያለው ቆዳ ተተርትሮ የስኔሩ (ከፊት የሚቀመጠው ትንሹ ከበሮ) ነጭ ፊት ላይ ደም ተረጨ። ተመልካቹ በጩኸት አደነቀኝ። ሊደነቅ የሚገባው ነገር አልነበረም፣ የአያያዝ ስህተት ነበር። ዱላው በራሱ እንዲነጥር ላላ አድርገሽ ያዢው፤ በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥረው መሣሪያ) በደቂቃ ከ120 ምት ጀምረሽ ትከሻሽ መጨናነቅ እስኪጀምር ብቻ ከፍ አድርጊው፤ ሲጨናነቅ ተመለሺ።

2. ጆሮ። በጤና ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ስሌት አለ፦ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ለስምንት ሰዓት ይቻላል፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀርሻል፤ ከበሮ ደግሞ 100ን በቀላሉ ያልፋል። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ያለ ጆሮ መከላከያ መታሁ። ሃይሃቱ በግራዬ ስለሆነ ዛሬ ሌሊት ሌሊት የሚጮኸው ግራ ጆሮዬ ነው። በጆሮሽ ልክ የተሠራ መከላከያ ከፔዳል በፊት ግዢ።

3. ወረቀት። ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢው። የመጀመሪያው ባንዴ ጊታሪስት አንድ ቀን ዘገምተኛ ዘፈን ይዞ ወደ ልምምድ መጣ። ፍጥነቱን እጥፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ከአዝማቹ በፊት ሁለት ባር (የምት ዙር) ሙሉ ዝም እንድንል ያደረግሁትም እኔ ነኝ። ሰው ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቃት፣ ከዚያም ተያይዞ የሚዘልባት ቦታ ያቺ ዝምታ ናት። ዘፈኑ ሲመዘገብ የጊታሪስቱና የድምፃዊው ስም ብቻ ገባ። ስጠይቅ “እኛ እኮ ወንድማማቾች ነን” አሉኝ፤ አመንኳቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ዘፈኑ ለማስታወቂያ ተሸጠ። እኔ የሰማሁት ማስታወቂያውን በቴሌቪዥን ሳይ ነው።

የዘፈን መብት ክፍያ ወደሚሰበስበው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ግማሽ ቀን ካስጠበቁኝ በኋላ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ሰው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ “ድራም ዜማ አይደለም” አለኝ። የፈረማችሁት ነገር አለ ወይ ሲለኝ የለም አልኩ፤ ፎርሙን በአንድ ጣቱ ገፍቶ መለሰልኝ። እስከ ዛሬ ያቺ ጣት ትታየኛለች። አጠገቡ የነበረች ሠራተኛ ከዜማው መብት የተለየ፣ በቅጂው ላይ ለተጫወተ ሰው የሚታሰብ ድርሻ መኖሩን በትሕትና አስረዳችኝ። ያለፉትን ዓመታት ለመጠየቅ ግን የተሰጠው ጊዜ አልፎ ነበር።

ድራመር ዜማ አይፈጥርም ለሚልሽ ሰው የእንግሊዙን ፐንክ ባንድ የክላሽን ድራመር ቶፐር ሄደንን ጥቀሽለት። “ሮክ ዘ ካዝባህ”ን ድራሙንም ቤዙንም ፒያኖውንም ራሱ ተጫውቶ ነው የቀረጸው። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1982 በነጠላ ሲወጣ እሱ በአደንዛዥ ዕፅ ችግር ምክንያት ከባንዱ ተሰናብቶ ነበር፤ በቪዲዮው ላይ የሚታየው ሌላ ድራመር ነው።

ሁለተኛው ባንዴ ውስጥ ስገባ ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት ከደብተር አንድ ገጽ ቀድጄ ጻፍኩ፦ አብረን የሠራነው ዘፈን በአራታችን ስም ይመዘገባል፤ ድርሻችን እኩል ነው፤ የወጣ ሰው እስከወጣበት ቀን የተሠራው ድርሻው አይነካም፤ የጉዞ ወጪ ከገቢው ተቀንሶ የሚቀረው ይከፋፈላል። አራታችንም ፈረምን። ባንዱ ከፈረሰ ዓመታት አልፈዋል፤ ድርሻዬ ግን አሁንም በየጊዜው ይገባልኛል። በሕይወቴ ከመታኋቸው ምቶች ሁሉ በዚያች ገጽ እኮራለሁ።

4. ሥራሽ። አትልቀቂ፤ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቂ። ከተከለከልሽና የባንዱ ልጆች እንደ እኔ ያለ ገጽ ከፈረሙልሽ ያን ጊዜ እንደገና አስቢበት። አንፈርምም ካሉ ምን ብለው እንደመለሱልሽ እዚሁ ጻፊልኝ።

ድርብ ፔዳሉን ለጊዜው ተዪው። ያለሽን ነጠላ ፔዳል ሞላውን ትንሽ አጥብቂው፣ ወንበርሽንም ጭንሽ ወደ ጉልበትሽ በጥቂቱ እስኪያዘቀዝቅ ከፍ አድርጊው። የእኔ እግር የፈጠነው ወንበሬን ካስተካከልኩ በኋላ ነው።