ለቀስት ሙጫ ቆዳ ወይስ አጥንት?

ወንድሜ፣ በቀስት ጀርባ ላይ ጅማት ለመለጠፍ የበሬ ቆዳ ይሻላል ወይስ አጥንት ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ቆዳ ነው የምልህ። የአጥንቱ ሙጫ ድርቅ ይላል፣ ቀስት ደግሞ ይታጠፋል። የጅማት ቁርጥራጭም ካለህ አትጣለው፣ አብረህ ክተተው።

ጨው ያልነካው ጥሬ ቆዳ ፈልግ። ጸጉሩንና ስቡን ሙልጭ አድርገህ ፋቀው፤ ስብ ካለ አይዝም። አንድ ሌሊት ዘፍዝፈህ ለስለስ ባለ እሳት ለሰዓታት አቆየው። እንዳይንተከተክ! ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ከፈላ ጉልበቱን ያጣል። እኔ የመጀመሪያውን ድስት ከሰል ላይ ረስቼው ሽታው ለጎረቤት ተርፏል። በሻሽ አጥልለው፤ በሁለት ጣት ስትነካው ከተጣበቀና ክር ከሳበ ደርሷል።

ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ከሆንክ ቶሎ ይረጋብሃል። እንጨቱን እሳት ዳር አሙቀው፣ የሙጫውንም ዕቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጠህ ቀባ።