እያስታመሙ ማራቶን ስለ መሮጥና ገንዘብ ስለ ማሰባሰብ

ጠያቂያችን፣ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን እናትዎን እንደሚያስታምሙ፣ እስካሁንም ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጠው እንደማያውቁ ገልጸው፣ ለበሽታው በሚሠራ በጎ አድራጎት ድርጅት ስም ማራቶን ሮጠው ገንዘብ ማሰባሰብ ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። ይችላሉ። እኔም አባቴን በማስታምምበት ወቅት አድርጌዋለሁ፤ ነገር ግን ከማስታመሙ፣ ከገንዘብ ማሰባሰቡና ከሩጫው መካከል ቀላሉ ሩጫው መሆኑን ከወዲሁ ቢያውቁት ይበጃል።

ስለ ልምምዱ ብዙ አልልም። 10 ኪሎ ሜትር ሳይቸገር የሚሮጥ ጤነኛ ሰው ከ16 እስከ 20 ሳምንት ተዘጋጅቶ 42.195 ኪሎ ሜትሩን ሊጨርስ ይችላል። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሮጡት ረጅም ሩጫ ቀስ በቀስ አድጎ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት ደግሞ የልምምዱ መጠን ይቀነሳል። ብዙዎች ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ የሚዝሉት በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ስኳር ስለሚያልቅ ነውና፣ በሩጫ ላይ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድን ሆድዎ በልምምድ ጊዜ ይልመደው።

ከባዱ ነገር ጊዜ ነው። ረጅሙ ሩጫ ከሦስት ሰዓት በላይ ሊወስድ ስለሚችል፣ በዚያ ሰዓት ከእናትዎ ጋር የሚቀመጥ ሰው ከመመዝገብዎ በፊት ያግኙ። «በምን ልርዳሽ?» ለሚልዎት ዘመድ ቀኑንና ሰዓቱን ቆርጠው ይንገሩት፤ በእኔ ግምት ይህ እርዳታ ከገንዘቡ አያንስም። አባቴ እንደ ብዙዎቹ ሕሙማን አመሻሽ ላይ ይበልጥ ግራ ይጋቡና ይረበሹ ስለነበር ልምምዴን ማለዳ አደረግሁት። የሩጫ ጫማዬን ሳጠልቅ ካዩኝ ግን «ጥለኸኝ ልትሄድ ነው?» እያሉ በሩ ላይ ይቆሙ ነበር። ቶሎ እንደምመለስ ብነግራቸውም ወዲያው ስለሚረሱት፣ ጫማውን ደጅ አስቀምጬ እዚያው ማሰር ጀመርሁ፤ እኔ የምወጣውም እህቴ ገብታ ከአጠገባቸው ከተቀመጠች በኋላ ነበር።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ በትልልቅ ውድድሮች ድርጅቶቹ የተወሰነ የተሳትፎ ቦታ ይኖራቸውና ሯጩ ቢያንስ ይህን ያህል አሰባስባለሁ ብሎ ቃል ይገባል። ከመፈረምዎ በፊት መጠኑ ባይሞላ ልዩነቱን ማን እንደሚከፍል፣ ቢጎዱ ወይም የእናትዎ ሕመም ቢጠና ቦታው ለቀጣዩ ዓመት ይተላለፍ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ገንዘቡ ለምርምር ነው ወይስ ለአስታማሚዎች ድጋፍ የሚውለው? ለጋሾች መጀመሪያ የሚጠይቁዎት ይህንኑ ነው። የጫማውንና የጉዞውን ወጪ ከራስዎ ኪስ ከቻሉ እሱንም ይግለጹላቸው።

ለሁሉም በአንድነት ከተበተነ ማስታወቂያ ይልቅ ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ የተጻፈ አጭር መልእክት ብዙ ያስገኛል። የቅርብ ወዳጆችዎ አስቀድመው ይስጡ፤ ባዶ የልገሳ ገጽ ላይ የመጀመሪያው መሆን ብዙ ሰው ያሳፍረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ እንደነበር ይገልጻል፤ አሃዙን ይጥቀሱት፣ ሆኖም ሰው እጁን የሚዘረጋው የአንድ አስታማሚ ውሎ ሲነገረው ነው። ታዲያ የሚጽፉት የራስዎን ድካም እንጂ የእናትዎን ገመና አይሁን። መረዳት የሚችሉ ከሆነ ፈቃዳቸውን ይጠይቁ፤ ካልቻሉም በጤናቸው ጊዜ ቢሆን ይፈቅዱት ያልነበረውን ፎቶግራፍ አይለጥፉ። ሩጫ በሽታውን ይከላከላል ብለውም አይጻፉ፤ አለመንቀሳቀስ ለበሽታው ከሚያጋልጡ በርካታ ነገሮች አንዱ ነው እንጂ የሮጠ ሁሉ አይድንም።

የልገሳ ገጹን ውድድሩ እንዳበቃ አይዝጉት። ቃል ገብተው የዘገዩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚከፍሉት መጨረስዎን ከሰሙ በኋላ ስለሆነ፣ የገቡበትን ሰዓትና እስካሁን የተሰበሰበውን ገንዘብ በማግስቱ ይላኩላቸው።