«የመኪና ዕቃ ነው» ማለት አይበቃም፦ የታሪፍ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

አዳማ ውስጥ በትራንዚተርነት (የአስመጪዎችን ዕቃ ጉምሩክ ላይ በማስጨረስ) ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሰሞኑን ከአስመጪዎችና ከጀማሪ ትራንዚተሮች ስለ ታሪፍ ምደባ፣ ማለትም ቀረጡ የሚታወቅበትን የጉምሩክ ቁጥር ለዕቃው ስለ መስጠት፣ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። በየተራ ልመልስ።

«ጋሼ፣ ኢንቮይሱ ላይ ሁሉም "የመኪና መለዋወጫ" ተብሏል። ጠቅልዬ 8708 ብለውስ?»

እንዳታደርገው! 8708 የመኪና መለዋወጫ ቁጥር ነው፤ ግን መኪና ላይ የሚገጠም ሁሉ እዚያ አይገባም። የታሪፍ መጽሐፉን ክፍል 17 ማስታወሻ 2 አንብብ፤ የማይገቡትን ዘርዝሯል። የብረት ቡሎን ለመኪና ተብሎ ቢሠራም 7318 ነው። ኩሽኔታ 8482፣ የዘይት ፊልትሮ 8421፣ ካንዴላ 8511፣ የጎማ ቺንጋ 4010። ራዲያተር ግን እዚያው 8708 ይቀራል።

የፍሬን ሸራ ብዙ ሰው ያሳስታል። አንዱን አንሳና ገልብጠው። ጀርባው ላይ ብረት ከተገጠመለት 8708 ነው። ሸራው ብቻውን ከመጣ 6813 ይሆናል። እኔ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ዕቃውን ሳላይ በኢንቮይሱ ስም ብቻ ሞላሁ። የደንበኛዬ ኮንቴይነር ሞጆ ደረቅ ወደብ ቆሞ ኪራይ ቆጠረበት። እስካሁን ያንገበግበኛል። ካርቶን ሳታስከፍቱ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ) አትሙሉ።

«ላኪው ቁጥሩን ጽፎ ልኮልኛል። እሱን ብጠቀምስ?»

መነሻ ይሁንህ እንጂ አትመነው። በዓለም ጉምሩክ ድርጅት ሥርዓት የጋራ የሆኑት የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች ብቻ ናቸው። የእኛ ታሪፍ 8 አሃዝ ነው። ደግሞ ላኪው በቁጥሩ ቢሳሳት እዚህ የሚጠየቀው አስመጪው ነው።

«ብስክሌት ተፈታቶ ቢመጣ መለዋወጫ አይባልም?»

አይባልም። በታሪፉ የትርጉም ደንብ 2(ሀ) መሠረት ተፈትቶ የመጣ ሙሉ ዕቃ እንደተገጠመ ይቆጠራል፤ ስለዚህ 8712 ነው።

«ቁጥሩ ተሳስቶ የ10 በመቶና የ30 በመቶ ቀረጥ ቢምታታ ልዩነቱ ያን ያህል ነው እንዴ?»

እህቴ፣ እናስላው። ዕቃሽ ከነመድንና ማጓጓዣው 100,000 ብር ያወጣል እንበል፤ ኤክሳይስ የለበትም። ቀረጡ 10 በመቶ ከሆነ 10,000 ብር፣ ቫት (የዋጋውና የቀረጡ ድምር 15 በመቶ) 16,500፣ ሱር ታክስ የሚባለው ተጨማሪ ግብር (ቫቱም ተደምሮ 10 በመቶ) 12,650፤ የሦስቱ ድምር 39,150። ቀረጡ 30 ሲሆን 30,000፣ 19,500 እና 14,950፤ ድምሩ 64,450 ይሆናል። የቀረጡ ልዩነት 20,000 ነበር፤ ቫትና ሱር ታክሱ ላዩ ላይ ስለሚሰላ ግን 25,300 ብር ደረሰ። በአንድ ኮንቴይነር ስንት ዕቃ እንዳለ አስቢው።

«ዕቃውን ሳላዝ ቁጥሩን ማወቅ እችላለሁ?»

ትችላለህ። ለጉምሩክ አመልክተህ ቅድመ ታሪፍ ውሳኔ ጠይቅ። ካታሎጉን አያይዝ፤ ናሙና ካለህም ይዘህ ሂድ። ከምን እንደተሠራ፣ ለምን ሥራ እንደሚውልና የት እንደሚገጠም ጻፍ። «ልዩ ልዩ ዕቃ» ብለህ ብቻ እንዳታመለክት።